አሚር ኑር፤ ባዶ እጁን የተቀበረው ገዥ

የጥንት ግብፅ ነገሥታት ወደ መቃብር የሚወርዱት ብቻቸውን አልነበረም። ከሬሳው ጋራ አልጋውና ወንበሩ፥ ሽቱውና ምግቡ፥ አንዳንድ ጊዜም ሠረገላው ሳይቀር አብሮ ይገባ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ግን እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስገርሙን ትንንሾቹ የሰው ምስሎች ናቸው። ብዙዎቹ ቁመታቸው ከስንዝር ብዙም አያልፍም። አንዳንዶቹ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተጠረቡ፥ ሌሎቹም በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ቀለም አብለጭልጨው በእሳት የተተኰሱ ናቸው። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣምረው፥ መቈፈሪያና ቅርጫት ይዘው ይታያሉ። ስማቸው ሻብቲ ወይም ኡሻብቲ ይባላል፤ ይህም ሁለተኛው ስም መልስ ሰጪ ማለት ነው።

ሥራቸው ምን ነበር ቢባል፥ ግብጻውያን በወዲያኛው ዓለምም እርሻ አለ ብለው ያምኑ ነበር። መሬቱ ይቈፈራል፥ ቦዩ ውሃ ይለቀቅበታል፥ አሸዋም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጋዛል። የሥራ ጥሪው ለሟቹ ሁሉ ይደርሳል። በሕይወቱ ሳለ እጁ አፈር ነክቶ የማያውቅ ንጉሥ ታዲያ ሲጠራ ምን ያድርግ? መላው በምስሉ ተገኘ። ስሙ በተጠራ ጊዜ ምስሉ በእርሱ ፈንታ አቤት ብሎ ይነሣል፤ ንጉሡም እንደ ተኛ ይቀራል። በ1922 መቃብሩ በተከፈተው በወጣቱ ንጉሥ በቱታንክሀሙን ዘንድ 413 እንደዚህ ያሉ ምስሎች ተገኝተዋል። ከነዚሁ 365ቱ በዓመቱ ቀኖች ቍጥር የተመደቡ ሠራተኞች፥ 36ቱ የአሥር አሥሩ ሠራተኛ አለቆች፥ 12ቱም የየወሩ ተቈጣጣሪዎች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሐቅ ደግሞ በዛሬዪቱ ሱዳን፥ ኑሪ በሚባለው ቦታ፥ በፒራሚዱ ሥር ሲቀበር ከአንድ ሺሕ በላይ የድንጋይ ምስሎች ዙሪያውን ተደርድረውለት ነበር። በፈተና ሰሞን እንዲህ ያለ አንድ ምስል ብቻ ቢገኝለት የማይወድ ተማሪ ከመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም።

ይህን ጨዋታ ያነሣነው ግን ከጨዋታው በስተጀርባ ትልቅ ጥያቄ ስላለ ነው። ገዥ ሲሞት ምን ይዞ ይሄዳል? ከሞተስ በኋላ በስሙ አቤት የሚልለት ማን ነው? ጥያቄውን ናይል ድረስ ሳንሄድ በራሳችን አገር ልንጠይቀው እንችላለን፤ ሐረር አለችና። በጀጎል ውስጥ፥ በቀጫጭኖቹ መንገዶች መካከል፥ እንደ እህል ክምር ጫፉ የሾለ፥ ዙሪያውን ጕጥ ጕጥ ያለ፥ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ የድንጋይ ጕልላት ይገኛል። በውስጡ የተኛው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። ከእርሱ ጋራ ምስል አልገባም፤ ወርቅም አልገባም። ይሁን እንጂ ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎት እንኳ ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል አላጣም። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ሕይወቱን ከመጀመሪያው መከተል ይገባናል። ዓመቶቹን ሌላ ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሐረር የአዳል መንግሥት መቀመጫ የሆነችው በ1520 ሱልጣን አቡ በክር ዙፋኑን ከደከር ወደ እርስዋ ባዛወረ ጊዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሥልጣኑ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እጅ ገባ። ይህ ኢማም የደጋው ሰው ግራኝ እያለ የሚጠራው ነው። ኑር የዚህ ሰው የእኅት ልጅ ነበር። ኢማሙ በ1529 በሽምብራ ኵሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል ካደረገ በኋላ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል ደጋው በጦርነት ነደደ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሰው ከሁለቱም ወገን እንደ ቅጠል ረገፈ። በየካቲት ወር 1543 ኢማሙ በወይና ደጋ በዐፄ ገላውዴዎስና በፖርቱጋሎች ጦር ፊት ወደቀ፤ ጦሩም ተበተነ። እንግዲህ ኑር ለአካለ መጠን ደርሶ ሲነሣ ያገኘው ርስት ድል የነሡ ሳይሆን ድል የተነሡ ሰዎች ርስት ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዝም ብለን ልናልፋት የማይገባ አንዲት ሴት አለች። እርስዋም የዘይላዕ ገዥ የነበረው የማሕፉዝ ልጅ፥ የኢማም አሕመድ ሚስት፥ ባቲ ድል ወንበራ ናት። ባልዋን ተከትላ ከጦሩ ጋራ ደጋውን የዞረች፥ በዘመቻ ላይ የወለደች ሴት ነበረች። ባልዋ ሲሞት ወደ ሐረር ተመለሰች፤ ልጅዋ መሐመድ ግን ተማርኮ በገላውዴዎስ እጅ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ቀደም ብሎ ተማርኮ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ በየመን በቱርኩ ፓሻ ዘንድ ይገኝ ነበር። የሚናስ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የመሐመድ እናት ድል ወንበራ መልእክት ተላላኩ፤ በመጨረሻም ልጅ በልጅ ተለወጠ። ብዙ ሺሕ ሰው ባለቀበት በዚያ ዘመን የሁለት እናቶች ነገር ሰይፍ ያልፈታውን እንደ ፈታ ልብ ማለት ይገባል። ይህም የተመለሰው ሚናስ ኋላ ራሱ ንጉሥ ለመሆን በቃ።

ኑር ድል ወንበራን ለማግባት በጠየቀ ጊዜ የባልዋን ደም የሚመልስላት ከሆነ ብቻ እንደምታገባው አስታወቀችው ተብሎ ይተረካል። ተረኩ እንደ ዘመኑ ልማድ ነገሩን ሁሉ በአንዲት ሴት ቃል ላይ አሳርፎት ሊሆን ይችላል። ጋብቻው ግን እውነት ነው። በደም የተያዘ ሰው በዚያ ዘመን ደሙን ሳይመልስ ሰው ፊት መቆም እንደማይችል እኛም ከየአገራችን ባላገር ወግ እናውቀዋለን። ኑር የሐረር ገዥ የሆነው በ1551 ወይም በ1552 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ሁለት ሸክሞች በትከሻው ላይ ነበሩ፤ አንዱ የሟቹ ዕዳ፥ ሁለተኛው የሕያዋኑ ደኅንነት።

ወደ ሁለተኛው ሸክም እንመለስ። ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ ስለ ኑር ሲነሣ ጦርነቱን ያስቀድማል፤ የሐረር ሰው ግን አስቀድሞ የሚያወሳው ግንቡን ነው። ከተማዪቱ ከወይና ደጋ በኋላ ወንዶችዋን አጥታ፥ ዙሪያዋን ተከባ ነበር። ከምዕራብ የገላውዴዎስ ጦር እየወረደ የአዳልን አገር ይመታል። ከደቡብ ደግሞ ኦሮሞዎች በገዳ ሥርዐታቸው በየስምንት ዓመቱ አዲስ የጦር ትውልድ እያሰለፉ እየገሠገሡ ናቸው። ኑር ከተማዪቱን በድንጋይና በጭቃ ዐጠራት። ግንቡ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ፥ ቁመቱም እስከ አራት ሜትር ያህል የሚደርስ ነው፤ ዛሬ ጀጎል የምንለው እርሱ ነው። በአምስት አቅጣጫ አምስት በሮች ወጡለት። ሐረሪዎቹ አስመዲን በሪ፥ አሱም በሪ፥ አርጎብ በሪ፥ ሱቁጣጥ በሪና በድሮ በሪ ይሏቸዋል። እኛ በአማርኛ እንደ ቅደም ተከተላቸው ሸዋ በር፥ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በርና ቡዳ በር እንላቸዋለን። በግንቡ ሥር ደግሞ የዝናብ ጎርፍ የሚወጣባቸው፥ ማታ ማታ ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ተትተዋል። ጅቡ የከተማዪቱን ጕድፍ ጠርጎ ስለሚያድር፥ ሐረር ጠላትዋን በሩን ዘግታ ስታስቀር ጅብዋን ግን አልከለከለችም።

እዚህ ላይ የግብጾቹን ምስሎች ደግመን እናስባቸው። ፈርዖን ሞቶ ለሚጠብቀው ሥራ ሐሰተኛ ሠራተኛ ያዘጋጅ ነበር። የኑር ሥራ ግን ሞትን የሚጠብቅ አልነበረም። ድንጋዩን የፈለጠው፥ ጭቃውን የረገጠው፥ በጀርባው ያመላለሰው ሕያው ሰው ነው፤ ግንቡም የሚጠብቀው ያንኑ የሠራውን ሰውና ልጆቹን ነው። የድካሙ ዋጋ ለሠራተኛው ራሱ ከሚመለስባቸው ጥቂት የገዥ ሥራዎች አንዱ ይህ ይመስለናል።

የሟቹ ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም ነበር። በ1559 ኑር ጦሩን ይዞ ወደ ፈጠጋር ወጣ። ገላውዴዎስም ሊገጥመው ወረደ። ገላውዴዎስ በ1540 በወጣትነቱ ነግሦ ፈርሶ የነበረውን መንግሥት መልሶ ያቆመ፥ ስለ ሃይማኖቱም ለሮማ ካቶሊኮች መልስ የሚሆን የእምነት መግለጫ የጻፈ፥ አእምሮው የበሰለ ንጉሥ ነበር። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓመተ ምሕረት፥ በሰሙነ ሕማማት፥ ሁለቱ ጦሮች ተገናኙ። ገላውዴዎስ ወደቀ፤ ከእርሱ ጋራ የነበሩ መኳንንት፥ መነኮሳትና ፖርቱጋሎችም ብዙዎቹ አለቁ። የድል ወንበራ ባል ደም ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሚተረከው ነገር ሁለት ገጽ አለው፤ ሁለቱንም አብረን ካላየን ሰውየውን አናውቀውም። አንደኛው ገጽ እንዲህ ነው። ኑር ድሉን ይዞ ወደ ከተማው ሲመለስ በከበሮና በእልልታ ለመግባት እምቢ አለ ይባላል። ተራ ልብስ ለብሶ፥ በተራ የጭነት እንስሳ ተቀምጦ፥ ድሉ የእግዚአብሔር እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ለሕዝቡ አሳየ። ሁለተኛው ገጽ ይከብዳል። የገላውዴዎስ ራስ ተቈርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ ሦስት ዓመት ያህል በአደባባይ ተሰቅሎ እንደ ቈየ ይነገራል። አካሉ በአማራ ሳይንት እርሱ ራሱ ባሠራት በተድባበ ማርያም ተቀበረ። ራሱን ደግሞ ኋላ ነጋዴዎች ገዝተው አንጾኪያ ወስደው፥ ስሙን በወረሰው በቅዱስ ገላውዴዎስ መቃብር አኖሩት ይባላል። ፈርዖኖቹ ሬሳቸው ሳይጐድል እንዲቈይ ያን ሁሉ መድኃኒትና ያን ሁሉ ጨርቅ ሲያፈሱ ኖረዋል፤ የኢትዮጵያው ንጉሥ ግን አካሉ በሳይንት፥ ራሱ በባሕር ማዶ ተለያይቶ ቀረ። ስሙ ግን በሁለቱም ቦታ አልጠፋም።

ኑር ለድሉ ዋጋ ከፍሏል፤ ከፋዩም እርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት እርሱ በዘመቻ ሳለ ራስ ሐመልማል ሐረርን መታ። ከወላስማ ዘር የመጨረሻው ሱልጣን፥ በረካት ኢብን ዑመር ዲን፥ በዚሁ ሳቢያ ሞተ፤ በዘመናት የቈየው የሱልጣኖቹ ዘርም በእርሱ አበቃ። ኑር ከፈጠጋር ሲመለስ ደግሞ ሐዘሎ በተባለ ቦታ ከኦሮሞ ጦር ጋራ ገጥሞ ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ በጻፈው የኦሮሞ ታሪክ ውስጥ ይህን እልቂት እንደ ታላቅ ነገር አድርጎ መዝግቦታል። አንድ ንጉሥ ለመግደል የወጣው የሐረር ጦር የገዛ አገሩን የሚጠብቅበት ኃይል ሳይኖረው ቀረ።

ይህን ልብ ብሎ ላየው ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ደጋውና ቈላው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ ለሠላሳ ዓመት እርስ በርሳቸው ተፋጅተው ደማቸውን አፍስሰው ሲጨርሱ ሁለቱም ደክመው ተገኙ። አሸናፊና ተሸናፊ የሚሉት ቃላት ትርጕማቸውን አጡ። ገላውዴዎስን የገደለው ጦር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ በሜዳ ቀረ፤ የአዳል መንግሥት ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚያ ሁሉ ዘመቻ ለሐረር ሰው የቀረለት ያ በድንጋይና በጭቃ የተሠራው ዐጥር ብቻ ነበር።

እርሱም ወዲያው ተፈተነ። በዙሪያው ያለው አገር በጦርነት ስለ ጠፋ እርሻው ቀረ፤ በከተማዪቱ ውስጥ ረኃብ ገባ። የማሽላ ዋጋ፥ የጨው ዋጋ፥ የከብትም ዋጋ ድኻ ከሚደርስበት በላይ ወጣ። ግንብ ጦርን ያስቆማል፤ ረኃብን ግን ሊያስቆም አይችልም። እንዲያውም ሰው በአንድ ቦታ ታፍጎ ሲቀመጥ የረኃብ ወንድም የሆነውን በሽታ ያመጣል። ኑር በዚያ ጊዜ ሕዝቡን ትቶ አልሸሸም፤ የከተማዪቱን ነገር ለማቃናት ይደክም ነበር። በ1567 ወረርሽኙ እርሱንም ያዘው፤ ሞተም። የሞተው ድኻው በሚሞትበት በሽታ፥ ድኻው በሚሞትበት ከተማ ውስጥ ነው። ከእርሱ በኋላ ሥልጣኑን የያዘው ቀድሞ ባሪያ የነበረው ዑስማን ነው።

የእስልምና ሕግ በቀብር ላይ ጥብቅ ነው። ሬሳው ይታጠባል፥ በነጭ ከፈን ይጠቀለላል፥ በቀኝ ጐኑ ፊቱ ወደ መካ ተመልሶ በአፈር ይሸፈናል። ለአሚርም ለሸክላ ሠሪም ሥርዐቱ አንድ ነው። ዕቃ አይገባም፥ ምስል አይገባም። ንጉሥን የገደለ፥ ከተማ ያጠረ ሰው በአንድ ነጭ ጨርቅ ሄደ። በወዲያኛው ዓለም የሥራ ጥሪ ካለ መልስ የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነው፤ በፈንታው የሚቆም ሰማያዊ ምስል የለውም።

ይሁን እንጂ በዚህኛው ዓለም አቤት የሚሉለት ብዙዎች ናቸው። በሐረር የወልዮችንና የታላላቅ ሰዎችን መቃብር አዋች ይሉታል። በጀጎል ውስጥና በአካባቢው ከመቶ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተቈጥረዋል፤ መስጊዶቹም ሰማንያ ሁለት ናቸው። የአዋቹን ቦታ የሚጠብቅ፥ የሚጠርግ፥ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሙሪድ ይባላል። ሰዎች ዕጣን፥ ቡናና ጫት ይዘው ይመጣሉ፤ ይጸልያሉ፥ ያዜማሉ፥ አብረው ያመሻሉ። ያመጡትን ሟቹ አይበላውም፤ እነርሱው ይካፈሉታል። የግብፁ ልማድ ለሕያው የሚበጀውን ዕቃ ለሟቹ ይቀብር ነበር፤ የሐረሩ ልማድ ግን በሟቹ ስም ሕያዋንን በአንድ ምንጣፍ ላይ ያሰባስባል።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር ሌላም የአገራችን ልማድ አለ። ኮንሶዎች አንድ ጀግና ሲሞትባቸው ዋካ የሚባል ምስል ከእንጨት ይጠርቡለታል። ጀግናው በመካከል ይቆማል፤ ሚስቶቹና በጦርነት የገደላቸው ጠላቶቹ በአጠገቡ ይሰለፋሉ። መልኩ ሲታይ ከግብጾቹ ምስሎች ጋራ ሊዛመድ ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የግብፁ ምስል ከምድር በታች በጨለማ የሚቀመጥ፥ ለሟቹ ብቻ የተሠራ አገልጋይ ነው። ዋካው ግን ከመሬት በላይ፥ በፀሐይና በዝናብ መካከል፥ መንገደኛ እንዲያየው ይቆማል። ሐረር በእንጨትም በድንጋይም የሰው መልክ አላቆመችም፤ ሃይማኖትዋ አይፈቅድምና። የኑር ዋካ ያው ግንቡ ነው።

ግንቡም ሥራውን ሠራ። ሐረር በውስጡ ተጠብቃ ከሌላው የማይመሳሰል ቋንቋዋን፥ የራስዋን ገንዘብ፥ ጥልፍዋንና የስፌት ሥራዋን፥ ግድግዳው በሰሐንና በስፌት ያጌጠ ቤትዋን ይዛ ቈየች። በ1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀምጦባት ሲወጣ፥ አውሮፓውያን ዘንድ እንደ ታላቅ ጀብዱ ተቈጠረለት። በ1875 ደግሞ፥ ነገር ሲገጣጠም እንዲህ ነውና፥ የነዚያ ምስሎች አገር የግብፅ ጦር በራውፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ። ዐሥር ዓመት ገዝቶ በ1885 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጨለንቆ ጦርነት የምኒልክ ጦር አሚር ዐብዱላሂን ድል አደረገ፤ ሐረርም ከቀረው አገር ጋራ ተቀላቀለች፥ ራስ መኰንንም ገዥዋ ሆነ። በሮቹ ያን ጊዜ ለሁላችንም ተከፈቱ። በአምስቱ ላይ ስድስተኛ በር የተጨመረው ኋላ ነው። በ2006 ደግሞ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ኑር ጠላት እንዳይገባበት ያጠረው ዐጥር ዛሬ እንግዳን የሚጠራ ሆኗል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህ ሰው ላይ ምን እንፍረድ? በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ አብረን ከምናድር ተማሪዎች መካከል አንዱ ኑርን የንጉሥ ገዳይ አድርጎ ተምሮታል፤ ሁለተኛው የከተማው አባት አድርጎ ተምሮታል። ሁለቱም አልተዋሹም። ኑር ሁለቱንም ነበር። ታሪክን አንብበን ግማሹን ብቻ የምንወስድ ከሆነ እኛም እንደ ግብጾቹ የምስል ሠሪዎች ሆንን ማለት ነው። ሕያው ሰው የነበረውን አሳንሰን፥ እጁን አጣምረን፥ እኛ የምንፈልገውን ብቻ እንዲመልስልን በመደርደሪያ ላይ እናቆመዋለን። ገላውዴዎስን ስንወድ ኑርን መርገም፥ ኑርን ስናከብር ገላውዴዎስን መርሳት ግዴታ አይደለም። ሁለቱ እናቶች በዚያ በሰይፍ ዘመን ልጆቻቸውን ተለዋውጠው ማዳን ከቻሉ፥ እኛ በብዕር ዘመን ታሪካችንን ተለዋውጠን ማንበብ አያቅተንም። የተድባበ ማርያምን መቃብርና የሐረርን ጕልላት በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ የማይችል የታሪክ ተማሪ ገና ትምህርቱን አልጀመረም።

ሌላም አንድ ነገር አለ። እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር እንይዛለን። ወንበር ደግሞ የፈርዖንን አመል ያስተምራል፤ ሥራ ሲጠራን አቤት የሚልልን ሌላ ሰው መፈለግ እንጀምራለን። ጥሪው ለእኛ ሆኖ ሳለ ተላላኪውን፥ ጸሐፊውን፥ ገበሬውን በፈንታችን እናቆማለን። ኑር ከነጥፋቱ፥ ከነቂሙ፥ ከነተሰቀለው የንጉሥ ራስ ጭምር፥ በዚህ በኩል ከብዙ ነገሥታት ይሻላል፤ ሥራውን በሕይወቱ ሠራ፥ ወረርሽኙም ሲመጣ ከሕዝቡ አልተለየም።

የቱታንክሀሙን ምስሎች አብዛኞቹ ዛሬ በግብፅ ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ቆመዋል። ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ ሲጠብቁ ኖረው አንድም ቀን መሬት አልቈፈሩም። የጀጎል ግንብ ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ጭቃው ይረግፋል፤ ድንጋዩም እዚህም እዚያም ይወልቃል። እንዳይፈርስ በየዘመኑ የሚነሣ ሰው ይፈልጋል። እስከ ዛሬም አላጣም።